ሲበተን የሚበራ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ሲጀምር፣
የሌሊት ፈረቃ ነኝ፤ ሥራዬ ፕላስቲክና አፈር።
አፈሩ ከአፋር ይመጣል፣ በማዳበሪያ ታስሮ፣
ግራጫ ነው፣ ልስልስ፣ ጣት ላይ ይቀራል ውሎ አድሮ።
ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ቂም እንደ ቋጠረ ሆድ፣
ሲደርቅ ግን ለመዶሻም እሺ አይልም በግድ።

እያንዳንዷ ቅንጣት የታሸገች መጽሐፍ ናት፣
ገጽ ከገጽ የተጣበቀባት፣ ገላጭ ያልደረሰላት።
አንድ ፀጉር ሰንጥቁ፣ አስር ሺህ ቦታ፣
ከዚያች ክር ትሳሳለች ገጿ፤ አልተፈጠረች ለእይታ።

ታዲያ በምን ልያት?
ቀለም አለ፣ ሮዝ፣ ምላስ የሚያስር ስሙ፤
ከገጽና ገጽ መሀል ሰርጎ ይጋደማል ከነሕልሙ።
ስፍራው ከጠበበ ግን፣ አፈሩ እንደ ጓጎለ ከቀረ፣
አንዱ ያንዱን ብርሃን ይሰርቃል፤ ሁሉም ጨለማ አደረ።
ጥቁሩን መብራት ብደቅንበት ያቀረቅራል እንደ ባለዕዳ።
ብሎኑ ሲያሸው፣ ሲገፋው፣ በቀለጠው ፕላስቲክ ሜዳ፣
ገጽ ከገጽ ሲላቀቅ፣
ቀለሙ እግሩን ይዘረጋል፣
ያኔ ነው የሚበራ፤ መጀመሪያ ደብዘዝ፣ ኋላ ብርቱካን ይመስላል።

ማሽኑ የጉርሜሳ ነው። ዘጠኝ ዓመት ከብሎኑ አጠገብ፣
በድምፁ ብቻ ያውቀዋል፣ ሲጠግብና ሲራብ።
«ዛሬስ ተበተነልህ?» ይለኛል፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፤
«ጓጉሏል» ስለው ይስቃል፣ ሙቀቱን ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርጎ።
«ይሄ አፈር» ይላል፣ «የኛው የኮቲቻ ዘመድ ነው፣
ክረምት ጫማ የሚውጥ፣ በጋ የበሬ እግር የሚሰብር፣ ያው ነው።
አባቴ እዚህ ጋ፣ ኮምፕረሰሩ ከቆመበት፣ ሽምብራ ዘርቶበታል፤
አፈር ሲቆጣና ሲታረቅ እኔን ጠይቀኝ፤ እግሬ ያውቀዋል።»

(ትልቁ መብራት ከተቃጠለ ወር አለፈው፤ ግዢ ክፍል ፊርማ ላይ ነው።
የያዝኳት ከመርካቶ ናት፣ ባለሱቆች የሐሰት ብር የሚለዩባት።)

እኛም ጓጉለን ነበር።
መሀል ከተማ፣ አስራ ሁለት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ፣
ያንዷ ካውያ ሲሰካ የሌላው አምፖል ፈሪ፤
የእትዬ ስመኝ ሳል የኔ እንቅልፍ፣ የኔ ስካር የሳቸው ወሬ።
ከዚያ ዕጣ ወጣ።
ግማሹ ኮዬ ፈጬ፣ ግማሹ አራብሳ፣ ሁለቱ የካ አባዶ፣
እድራችን ድንኳኑን ታቅፎ ቀረ፣ ተሸካሚው ትከሻ ርቆ ሄዶ።
ጋሽ ወልደየስ፣ ጡሩምባ ነፊው፣ አራተኛ ፎቅ ደርሷቸዋል፤
አንድ ንጋት ከበረንዳቸው ቢነፉ፣ ጥበቃው ብቻ መጥቶላቸዋል።
እትዬ ስመኝ ማረፋቸውን እኔ በሦስተኛው ቀን ሰማሁ።
«ተበተኑና አበሩ» የሚል ካለ፣
ላቦራቶሪ ብቻ ያየ ነው እላለሁ።
ደሞም አልዋሽም፤ አሁን የኔ አምፖል አይደበዝዝም።
ማብሪያውን ስጫን ይበራል፤ የማንንም ሳል አልሰማም።

ከሌሊቱ አስር ሰዓት። ናሙና አስራ አራት።
ስስ ናት፤ ጨለማ ውስጥ እንደ ብር ኖት ያዝኳት፣
ከዳር እስከ ዳር ብርቱካን፣ አንድ ጉብታ የለባት።
ጉርሜሳን ጠራሁት፤ ጎንበስ ብሎ አያት፣
ምንም አላለም። ጫፏን በጥፍሩ ቧጠጣት፣
በሁለት እጁ ሊቀዳት ሞከረ። እምቢ አለችው።
«እንግዲህ» አለ። ያቺ ቃል ለሱ እልልታው ነች።

መብራቷን ሳጠፋ እሷም ጠፋች ወዲያው፤
ካልጠየቋት አትመልስም። ብርሃኗ መልስ ነው።

ሲነጋ፣ ታክሲ እየጠበቅሁ፣ ጫማዬን ኮቲቻ ይዞት፣
ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ወልደየስ። ሰላምታ የለም፣ ጡሩምባውን ነፉበት፣
ረጅም፣ እንደ ድሮው፣ ሦስቴ። ልቤ ወረደ።
«ማን ነው?» አልኩ። «ማን ሄደ?»
«ማንም» አሉኝ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፤
«እንዳይዝግ ብዬ ነው። ሰማኸኝ?»
«ሰማሁ።»
«በል ዝጋው፤ አራብሳ ልደውል።»